ማን ሣለው? ማን አሣለው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ወር በዚሁ ዓምድ በዋሽንግተን ከተማ ስለሚገኘው ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ጥቂት መስመሮች ከጻፍኩ በኋላ፣ ከጎንደርና ከአካባቢዋ በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ገሚሶቹ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እንግሊዝ ለመሄድ የተዘጋጁ ወላጆች ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ የመሄድ ዕድሉ ባይኖራቸውም ነገሩ ያሳሰባቸው መምህራን፣ ተማሪዎችና የአብነት ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው። ፖርትሬት የምንለው የአንድን ሰው መልክና ማንነት ለማሳየት ተብሎ የተሠራ ሥዕል፣ ፎቶግራፍ ወይም ሐውልት ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የጠያቂዎቹን ስም ትቼ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ልጄ ዋሽንግተን ዲሲ ይኖራል፤ ለሦስት ወር ልጠይቀው እሄዳለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ እንግሊዝኛም አላውቅም። እዚያ ቦታ ለመግባት ስንት ይከፈላል? ለእንደኔ ዓይነቷ ሴትስ ይሆናል?» (አንዲት እናት፣ ከአዘዞ)

እናታችን፣ መግቢያው በነፃ ነው፤ ትኬት መቁረጥም ሆነ ቀጠሮ መያዝ አያስፈልግም። ጋለሪው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 5፡30 እስከ ምሽቱ 1፡00 በየዕለቱ ክፍት ሲሆን የሚዘጋው በፈረንጆች ገና ዕለት ነው። በእኛ ገና ግን ክፍት ስለሆነ፣ ልጅዎ ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ካገኘ ከቅዳሴ መልስ ሊወስድዎ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መሥሪያ ቤቶች በሚዘጉበት ጊዜ ጋለሪውም ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከቤት ከመነሣታችሁ በፊት ድረ ገጹን ቢመለከት ጥሩ ነው። በምድር ባቡር ከሄዳችሁ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ቢጫው መስመር የሚገናኙበት ጋለሪ ፕሌስ የተባለው ጣቢያ ከሕንፃው አጠገብ ያደርሳችኋል። በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ይህ ለሁሉም ስለሆነ አይደንግጡ።

ስለ ጉልበትዎ፣ ሕንፃው አሳንሰር አለው፤ ተሽከርካሪ ወንበርም በነፃ ያውሳሉ። ብዙ እናቶቻችን በወንበር መገፋትን እንደ ነውር ስለሚቆጥሩት ሰዓት ሙሉ እያነከሱ ሲዞሩ አይቻለሁና እባክዎ ወንበሩን ይቀበሉ። ሲደክምዎ በሕንፃው መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በመስታወት ጣሪያ የተሸፈነ ሰፊ ግቢ አለ፤ ዛፎች ተተክለውበታል፣ ቡናም ይሸጥበታል፣ የፈለጉትን ያህል ቢቀመጡ ማንም ተነሡ አይልዎትም። ሕንፃው ራሱ ታሪክ አለው፤ በመጀመሪያ የፈጠራ ሥራዎች የሚመዘገቡበት መሥሪያ ቤት ሆኖ የተሠራ ሲሆን በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን የቁስለኞች ሆስፒታል ነበረ።

እንግሊዝኛ አለማወቅዎ ከሌላ ሙዚየም ይልቅ እዚህ የሚጎዳዎት በጣም ጥቂት ነው። ሰው የሰውን ፊት ለማንበብ አስተርጓሚ አያሻውም። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ዕለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ሦስቱንም ፎቅ ዞርኩና ማታ ላይ አንድም ፊት ማስታወስ አቃተኝ፤ በማግስቱ ተመልሼ በሁለት ክፍል ብቻ ስቀመጥ ነው ሰዎቹን ያገኘኋቸው። ስለዚህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የፕሬዚዳንቶች አዳራሽ ይምረጡ፤ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይዩ፤ ልጅዎን «ይህ ማን ነው? ይህንን ሥዕል ያሣለው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አደራ አልዎታለሁ፤ ከዚህ በታች ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

«በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ነኝ። የሥዕል ሙዚየም እያለ ለሰው መልክ ብቻ የተለየ ጋለሪ ለምን አስፈለገ? በኢንተርኔት ካየኋቸው ሥዕሎች አንዳንዶቹ ጥሩ ሥዕል አይደሉም።» (ከማራኪ)

ትክክል አይተሃል። በሥዕል ሙዚየም ውስጥ አንድ ሥዕል የሚሰቀለው ሥዕሉ ግሩም ስለሆነ ነው፤ በፖርትሬት ጋለሪ ውስጥ የሚሰቀለው ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ቦታ ስላለው ነው። የዚህ ዓይነቱ ተቋም ቀዳሚ የሆነው የለንደኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ እ.ኤ.አ. በ1856 ሲመሠረት፣ መሥራቾቹ ምርጫው የሠዓሊውን ችሎታ ሳይሆን የተሣለውን ሰው ዝና እንዲከተል፣ የሰውየውም ጥፋትና ስሕተት ከግድግዳው ለመከልከል ምክንያት እንዳይሆን ወሰኑ። ይህ ሁለተኛው ውሳኔ ብልህነት ይመስለኛል፤ ታሪክ የደጋጎች ብቻ አይደለምና። በመዝገባቸው ቁጥር 1 ተብሎ የተመዘገበው የሼክስፒር ሥዕል ነው። በግራ ጆሮው ላይ የወርቅ ሎቲ ያደረገ፣ የሸሚዙ ማሰሪያ የተፈታ ሰው ነው፤ ሠዓሊው ማን እንደሆነ በርግጠኝነት አልታወቀም፣ ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ይዟል።

ከገዢው ንጉሥ ወይም ንግሥትና ከትዳር ጓደኛቸው በቀር በሕይወት ያለ ሰው ሥዕል እንዳይገባ የሚከለክለው የለንደን ደንብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የዋሽንግተኑ በ1962 በሕግ ተቋቁሞ በ1968 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ እስከ 1976 ድረስ ፎቶግራፍ እንዳይሰበስብ ሕጉ ይከለክለው ነበር። ይህ ክልከላ ማንን ከግድግዳው እንዳስቀረ አስበው። በዘይት ቀለም ለመሣል ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ድሃውና ባሪያ የነበረው ሰው መልኩ የተረፈው በአብዛኛው በፎቶግራፍ ነው። ከባርነት አምልጦ የነፃነት ተሟጋች የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ፎቶ የተነሣ ሰው ነው ይባላል። ዳግላስ ካሜራ ፊት ሲቀርብ ሆን ብሎ አይስቅም ነበር፤ ጥቁርን ሰው ሁልጊዜ ጥርሱን የሚያሳይ አድርገው ለሚሥሉት መልስ መስጠቱ ነው። እርሱ መልኩን ራሱ ያሣለ ሰው ነው። ለጥናትህ ርዕስ ከፈለግህ፣ ከዚህ የበለፀገ አላውቅም።

«በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ኃጥአን በአንድ ዓይን ተሥለው እናያለን። በውጭ አገር ጋለሪ ግን የተከበሩ ሰዎች ጭምር ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው ተሥለዋል። ይህ እንዴት ይነበባል?» (የአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር፣ ከበአታ አካባቢ)

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ልቤን ነክቶታል፤ ጠያቂው ሥዕል ማንበብ የሚያውቅ ሰው ነውና።

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ፣ እንዳልከው፣ ቅዱሳን ከነሁለት ዓይናቸው ወደ ምእመኑ ይመለከታሉ፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና አሳዳጆች ግን በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ይታያሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተህ አንገትህን ወደ ጣሪያው ስታቀና፣ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ሆነው ሁሉም በሁለት ዓይናቸው ሲያዩህ ታገኛቸዋለህ። ከሩቅ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ዓይንህ ከግማሽ ጨለማው ጋር ሲለማመድ ግን የአንዱ ቅንድብ ከሌላው ቀና፣ የአንዱ ብሌን ወደ ግራ ዘንበል ያለ መሆኑን ትለያለህ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጣሪያ ነው፤ አሁንም በገባሁ ቁጥር ከዚያ በፊት ያላየሁትን ፊት አያለሁ።

በአውሮፓ ግን የጎን መልክ የመጣው ከሮማውያን ሳንቲም ነው። የንጉሠ ነገሥታቱ ራስ በሳንቲም ላይ በጎን ስለሚቀረጽ፣ ከዘመናት በኋላ የተነሡ መኳንንትና ባለጸጎች እንደ ቄሣር ለመምሰል ሲፈልጉ በጎን ተሣሉ። ስለዚህ እዚያ የጎን መልክ ክብር እንጂ ነቀፋ አይደለም። እኛም ቢሆን ከዚህ ሩቅ አይደለንም፤ የአክሱም ነገሥታት እነ እንዱቢስና እነ ዒዛና በወርቅ ሳንቲማቸው ላይ በጎን፣ በግራና በቀኝ የእህል ዛላ ታቅፏቸው ተቀርጸዋል። እጃችን ላይ ያሉት እጅግ ጥንታዊ የነገሥታት መልኮቻችን በአንድ ዓይን የሚታዩ ናቸው ማለት ነው። የአንዱን ቤት ሕግ ይዘህ የሌላውን ቤት አትዳኝበት። በተረፈ፣ እዚያ የተሰቀለው ሥዕለ አድኅኖ ስላልሆነ እንደ ሰው እንጂ እንደ ቅዱስ አይታይም፤ መሳለምም ሆነ ጫማ ማውለቅ አይጠበቅብህም።

ሆኖም ከአብነት ትምህርት ቤትህ ይዘኸው ልትሄድ የሚገባህ ትልቅ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ቅዱሳንን ከራስ እስከ እግር የሚያወድሰው የግዕዝ ድርሰት፣ መልክእ ነው። የመልክእ ደራሲ ከስም መታሰቢያ ጀምሮ ወደ ራስ ጠጉር፣ ከዚያ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍ፣ ወደ እጅ እያለ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል፤ በየአካሉ ላይ ቆም ብሎ ሰላምታ ያቀርባል። አንድን ፖርትሬት ለማየት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላገኘሁም። ሰላምታውን ትተህ አካሄዱን ብቻ ውሰድ።

ለምሳሌ በዋሽንግተኑ ጋለሪ እጅግ ዝነኛ የሆነውን፣ ጊልበርት ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1796 የሣለውን የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተንን ሥዕል እንይ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነው። ከጠጉሩ ጀምር፤ የዘመኑ ወግ ስለሆነ ነጭ ዱቄት ተነስንሶበታል። ወደ አፉ ውረድ፤ ከንፈሩ ተገጥሟል፣ መንጋጋው አካባቢ እብጠት የመሰለ ነገር አለ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያስገባ ሰው ነው፤ ሠዓሊውም አልደበቀውም። ቀኝ እጁን ተመልከት፤ እንደ ጥንት ሮማዊ ተናጋሪ ተዘርግቷል። ግራ እጁ ሰይፍ ይዟል፤ ሰይፉ ግን በሰገባው ውስጥ ነው። ልብሱ ጥቁር የሲቪል ልብስ ነው፤ ካባ የለም፣ ዘውድ የለም፣ የጦር አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው የማዕረግ ልብሱን አልለበሰም። ከጠረጴዛው ላይ ብዕርና ወረቀት፣ ከሥሩ መጻሕፍት አሉ። በስተኋላ የደፈረሰ ሰማይና ቀስተ ደመና ይታያል። እዚህ ስትደርስ ሥዕሉ «ንጉሥ አይደለሁም» እያለ እንደሚናገር ይገባሃል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሥልጣኑን አስረክቦ ሄዷል።

አሁን ያሣለውን ጠይቅ። ያሣሉት አንድ ባለጸጋ የአሜሪካ ሴናተርና ባለቤቱ ሲሆኑ፣ ለአሜሪካኖች ጉዳይ ወዳጅ ለነበረ ለአንድ የቀድሞ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስጦታ ሊልኩት ነው። ተሸናፊው አገር ውስጥ ተሰቅሎ «ያለ ንጉሥ መኖር ይቻላል» እንዲል ተደርጎ የተሠራ ሥዕል ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጋለሪው በበጎ አድራጊ ድርጅት በተሰጠ 20 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በአገሩ አስቀረው።

«ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል?» (ስማቸውን ያልጻፉ አንባቢ)

በዋሽንግተኑ የቋሚ ስብስብ ክፍሎች ውስጥ ያለ ፍላሽ ማንሣት ይፈቀዳል፤ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና የስልክ ዘንግ ግን አይገባም። በውሰት የመጡ ሥዕሎች ባሉበት ክፍል ክልከላ ሊኖር ስለሚችል በር ላይ ያለውን ምልክት ይመልከቱ። በእርሳስ መንደፍ የሚወድ ሰው ደብተሩን ይዞ ቢገባ ይመረጣል፤ የነደፉትን ፊት አይረሱትም።

«ለንደን ለስብሰባ እሄዳለሁ። የልዑል ዓለማየሁ መልክ እዚያ ጋለሪ ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ላየው እችላለሁ?» (የታሪክ መምህር፣ ከፒያሳ)

እውነት ነው መምህር። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ ከካፒቴን ስፒዲ ጋርም ሆኖ፣ በፎቶግራፍ አንሺዋ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1868 የተነሣቸው ፎቶዎች በለንደኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ስፒዲ በአገራችን «ባሻ ፈለቀ» የተባለው ቁመተ ረጅም እንግሊዛዊ መኰንን ነው።

ይሁንና አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ገብተው ግድግዳው ላይ ላያገኙት ይችላሉ። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ በብርሃን ስለሚደበዝዝ ጋለሪዎች በደብዛዛ መብራት ለጥቂት ጊዜ ያሳዩትና መልሰው ጨለማ ውስጥ ያስቀምጡታል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት በጋለሪው ድረ ገጽ ላይ የልዑሉን ስም ፈልገው በዕይታ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነም ለጥናት ለማየት አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። መግቢያው በነፃ ነው። ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ያለውን ትልቁን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ከዚህኛው ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው፤ የፖርትሬቱ ከእርሱ በስተኋላ፣ ጎን ለጎን ነው። ለሦስት ዓመት ያህል ለእድሳት ተዘግቶ የነበረ ሲሆን በሰኔ 2023 ተከፍቷል።

ፎቶው ፊት ሲደርሱ ምን እንደሚያዩ አስቀድመው ቢያውቁ እመርጣለሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አባቱ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ፣ የሰሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ላይ አረፉ። ልጁ በዚያው ዓመት ክረምት እንግሊዝ ደርሶ፣ ዋይት በተባለችው ደሴት ከካሜሮን ካሜራ ፊት ቀረበ። ሴትዮዋ ካሜራ የያዘችው ዕድሜዋ 48 ገደማ ሲሆን ነበር፤ በአቅራቢያዋ የሚኖሩ ታላላቅ ባለቅኔዎችንና ሊቃውንትን ታነሣ የነበረች ባለሙያ ናት። የእርሷ ፎቶ ጥርት ያለ አይደለም፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ የሚነሣው ሰው ለደቂቃዎች ያህል ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። እናቱን በሞት ካጣ ወራት ብቻ ያለፉት የሰባት ዓመት ሕፃን፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ በአገሩ ልብስ ላይ የአንገት ጌጥ አድርጎ፣ እንዳይንቀሳቀስ ታዞ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ያለውን እኔ አልተረጉምልዎትም፤ እርስዎ ያዩታል።

ማን አሣለው? ዓለማየሁ አላሣለም። ልብሱን አልመረጠም፣ አቀማመጡን አልመረጠም፣ ከማን ጋር እንደሚነሣም አልመረጠም። ፍሬድሪክ ዳግላስ ፊቱን በራሱ ፈቃድ ባሳየበት በዚያው ዘመን፣ የእኛ ልጅ ፊቱን ሌሎች አዘዙበት። ፎቶው ግሩም ፎቶ ነው፤ ይህም ሐዘኑን አይቀንሰውም። ልዑሉ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀብሯል፤ በመታሰቢያው ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው የወንጌል ቃል ተጽፏል። ጊዜ ካለዎት ለንደን ላይ ፎቶውን ካዩ በኋላ ወደ ዊንዘር ቢሄዱ መልካም ነው። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም፤ እኔ በበኩሌ ይህ ውሳኔ አንድ ቀን እንደሚለወጥ ተስፋ አደርጋለሁ፣ መለወጥም አለበት እላለሁ።

ለተማሪዎችዎ የሚነግሩት አንድ ነገር ልጨምር። የአፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሣ ፎቶግራፍ አይታወቅም፤ በየቤታችን የተሰቀለው ባለ ሹሩባው መልክ ሠዓሊዎች ከኋላ የሠሩት ነው። መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ግን መልካቸውን የሣሉ እንግሊዛውያን ነበሩ። ከእነዚህ የአንዱ ሠዓሊ ዘመዶች ከንጉሡ ራስ የተቆረጠ ጠጉር ለለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1959 ሰጥተው ኖሮ፣ ሙዚየሙ በ2019 ለኢትዮጵያ መልሷል። ንጉሡም እንደ ልጃቸው መልካቸውን አላሣሉም፤ ከሞቱ በኋላ ተወሰደባቸው።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሰባትና ዐሥር ዓመታቸው ነው። በእረፍት ጊዜ ዋሽንግተን ስንሄድ ይሰለቻሉ ብዬ ሠጋሁ።» (አንድ አባት፣ ከቸቸላ)

ከአንድ ሰዓት በላይ አያቆዩአቸው። የባራክ ኦባማን ሥዕል በመጀመሪያ ያሳዩአቸው፤ ኬሂንዴ ዋይሊ የሣለው ሲሆን በ2018 ለሕዝብ ታየ። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅጠል ውጦታል፣ በቅጠሉ መካከል አበቦች አሉ፤ ከአበቦቹ አንዱ የአባቱን አገር ኬንያን፣ አንዱ የተወለደበትን ሃዋይን፣ አንዱ ቺካጎን ያመለክታል። ልጆቹ አበቦቹን እየፈለጉ ይቁጠሩ። ከዚያ ኤሚ ሼራልድ የሣለችው የሚሼል ኦባማ ሥዕል በዕይታ ላይ ካለ፣ ቆዳዋ ለምን በግራጫ ቀለም እንደተሣለ ይጠይቋቸው፤ ሠዓሊዋ ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የምትሥለው። ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ የሚሰጠው መልስ ከአዋቂ መልስ ይልቅ ሊያስደንቅዎ ይችላል።

አንድ የቤት ሥራም አለኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ጎንደር ላይ የአያታቸውን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳችሁ አብራችሁ ተመልከቱት። የእኔ እናት ፎቶ ቤት ገብተው የተነሡት አንድ ባለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ከኋላቸው በሸራ ላይ የተሣለ ሐይቅ አለ። ሐይቁ የፎቶ ቤቱ ነው፤ ነጠላው የጎረቤት ነበር፤ ቀና ያለው አንገት ግን የራሳቸው ነው። ይህን ዓይነቱን ነገር በቤቱ ፎቶ ላይ ማየት የለመደ ልጅ ጋለሪ ውስጥ አይሰለችም።

«እኛ ጎንደሬዎች የነገሥታት ከተማ እያለን የነገሥታቱን መልክ የምናይበት ቤት ለምን የለንም? ዋሽንግተንና ለንደን ለማይሄድ ሰውስ ምን ይመክራሉ?» (ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከአራዳ)

ጋሼ፣ ቁጭትዎን እጋራዋለሁ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግንቦቹ ተመዘገቡ፤ ግንቦቹን ያሠሩት ሰዎች ፊት ግን በግቢው ውስጥ የለም። ይህ የሆነው የጎንደር ዘመን መልክን ስለናቀ አይደለም። በዚያ ዘመን ንጉሥ ወይም እቴጌ መልኳን ስታሣል የምታሣለው በአዳራሿ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በእመቤታችን እግር ሥር ነበር። በአውሮፓ «እዩኝ» ብሎ የሚቆመው ባለጸጋ፣ በእኛ ዘንድ «አማልጂኝ» ብሎ ይተኛል።

ከእነዚህ ሁሉ የምወደው የእቴጌ ምንትዋብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ነግሦ እርሳቸው እንደ ገዢ በሚኖሩበት ዘመን፣ በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። እዚያ ከግድግዳው ሥዕሎች መካከል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር እቴጌይቱ ባማረ ልብሳቸው በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ቁስቋምን ያህል ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የተቀበሉት እመቤት፣ መልካቸውን ሲያሣሉ የመረጡት አቀማመጥ ይህ ነው። ዓለማየሁ ያልመረጠውን እርሳቸው መርጠዋል። ያሣሉትም እርሳቸው ናቸው፣ የተሣሉትም እርሳቸው ናቸው፤ ትሕትናውና ኩራቱ በአንድ ሥዕል ላይ ተገናኝተዋል።

ለመሄድ ከፈለጉ በባሕር ዳር ወይም በጎርጎራ በኩል በጀልባ ይኬዳል፤ የመንገዱንና የወቅቱን ሁኔታ ጠይቀው ይነሡ። ጉዞው የማይመችዎ ከሆነ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅርብ ነው፤ ረፋድ ላይ፣ ብርሃን በበሩ በሚገባበት ጊዜ ይሂዱ፣ ጫማዎን አውልቀው ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጡ፣ በጣሪያው ላይ ካሉት ፊቶች አንዱን መርጠው ሌሎቹን ለጊዜው ይተዉአቸው። አዲስ አበባ ለጉዳይ ሲወርዱ ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየም የአገራችንን ሠዓሊዎች ሥራ የሚያሳይ ክፍል አለው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ለከተማችን አንድ ክፍል እንኳ ቢገኝ፣ በየአድባራቱ የሚገኙት ሥዕሎችን ያሣሉ ሰዎች መልኮች በጥሩ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ከሥር ማን እንዳሣላቸውና መቼ እንደሆነ ተጽፎ ሊሰቀሉ ይችላሉ። ሥዕሎቹ ከቦታቸው መነሣት የለባቸውም፤ ፎቶግራፋቸው ይበቃል። ይህን ለመጀመር ከየደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ጥሩ ካሜራና ግዕዝ አንብቦ ጽሑፉን የሚገለብጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ሦስተኛውን ከበአታ የጠየቀኝ ደቀ መዝሙር ሊሠራው የሚችል ይመስለኛል።